ዋናው ፓራሹት እንቢ ሲል፦ ለጀማሪ ዘላዮች የአደጋ ጊዜ ልምምድ

ለመጀመሪያ ዝላይ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። "ጋሼ፣ አልከፈት ቢለኝስ?" ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም የምመልሰው ሁሌ ያንኑ ነው። አልከፈት ካለ ምን እንደምታደርጉ የምትወስኑት ዛሬ፣ እዚህ ሳር ላይ ቆማችሁ ነው። ሰማይ ላይ የወሰናችሁትን ትፈጽማላችሁ። እዚያ ለመመካከር ጊዜ የለም።

የማስተምረው ቨርጂኒያ ነው። ዩ ኤስ ፒ ኤ የሚባለው የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ፍሬድሪክስበርግ ነው። ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜና እሁድ የሚመጡ የአገሬ ልጆች እየበዙ ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር ታስረው ታንደም ይዘላሉ። ከዚያ ልባቸው ይሸፍትና ብቻዬን ካልዘለልኩ ይላሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። በኤ ኤፍ ኤፍ ለሚማሩ፣ ማለትም የራሳቸውን ፓራሹት አዝለው፣ ሁለት ኢንስትራክተር ግራና ቀኝ ይዟቸው ለሚወጡ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህን ማንበብ የመሬት ላይ ኮርሱን አይተካም። ትምህርት ቤቶች በዝርዝር ይለያያሉ። የእናንተ ኢንስትራክተር ከእኔ የተለየ ካስተማረ የእሱን ያዙ። ሁለት ዘዴ ቀላቅሎ መያዝ አንዱን ካለማወቅ ይብሳል።

በ2023 አሜሪካ ውስጥ 3.65 ሚሊዮን ያህል ዝላይ ተዘሎ 10 ሰው ሞቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ትንሽ ሊሆን የቻለው ደግሞ ከታች የምነግራችሁን ነገር ሰዎች እስኪሰለቻቸው ስለሚለማመዱት ነው።

ከፍታ ማለት ጊዜ ነው

ከፍታ መለኪያው፣ አልቲሜትሩ፣ ግራ እጃችሁ ላይ ይታሰራል። የሚቆጥረው ከማረፊያው ሜዳ ጀምሮ ነው፤ ጠዋት መሬት ላይ ሳላችሁ ዜሮ ላይ ታደርጉታላችሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው 2,300 ሜትር ላይ ኖሯል፣ ከፍታ ብርቁ አይደለም። እዚህ የሚያስፈልገን ግን ከእግራችን እስከ መሬት ያለው ብቻ ነው። የምንቆጥረውም በጫማ ነው።

ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ የሚወድቅ ሰው በሰዓት 120 ማይል ገደማ ይጓዛል፤ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 1,000 ጫማ በአምስት ሰከንድ ተኩል ያልቃል። ይህችን ቁጥር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ዝላዮች ላይ ፓራሹቱን የምትከፍቱት 5,500 ጫማ ላይ ነው። ምንም ነገር ካልወጣ 2,500 ጫማ ለመድረስ 17 ሰከንድ ያህል አላችሁ። ከ2,500 እስከ መሬት ደግሞ 14 ሰከንድ ነው።

2,500 ጫማ የውሳኔ ከፍታ ይባላል። ማኅበሩ ለተማሪና ለኤ ላይሰንስ፣ ማለትም ለመጀመሪያው የዝላይ ፈቃድ፣ ባለቤት የሚመክረው ቁጥር ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ከችግሩ ጋር መታገል ትችላላችሁ። 2,500 ላይ ካልተፈታ ግን ትግሉ አበቃ። ዋናውን ትለቁታላችሁ፣ መጠባበቂያውን ትከፍታላችሁ። "አንዴ ልሞክር እስቲ" የሚባል ነገር የለም። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚጎዳው ዘዴውን እያወቀ ስለሚዘገይ ነው። "ሊስተካከል ነው፣ ሊስተካከል ነው" ሲል መሬቱ ይደርሳል። እኔ ተማሪዎቼን ስለ እጀታ ሳላስተምር በፊት ይህችን ቁጥር አስጠናቸዋለሁ። ከእንቅልፍ ቀስቅሼ ብጠይቃቸው እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ።

ትጥቁን በእጃችሁ እወቁት

ጀርባችሁ ላይ ያለው ቦርሳ ሁለት ፓራሹት ይዟል። ከታች ዋናው አለ፣ ከላይ መጠባበቂያው። መጠባበቂያውን የሚያጥፈው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ የኤፍ ኤ ኤ፣ ፈቃድ ያለው ሪገር ነው። ማንም ባይከፍተውም በ180 ቀን አንዴ ይፈታል፣ ይመረመራል፣ እንደገና ይታጠፋል። ካርዱ ከቦርሳው ጋር ነው። ቀኑን አሳዩኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው።

እጀታዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ከቦርሳው ግርጌ በቀኝ በኩል ነው። ስትስቡት ፓይለት ሹት የምትባለው ትንሽ ፓራሹት ትወጣለች፣ እሷ ደግሞ ነፋስ ይዛ ዋናውን ትጎትታለች። ሁለተኛው ቀኝ ደረታችሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ትራስ የሚመስል ነው። ካትአዌይ እንለዋለን፤ ዋናውን ከትከሻችሁ ያላቅቃል። ሦስተኛው ግራ ደረት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የብረት እጀታ ነው፣ መጠባበቂያውን ይከፍታል። አንዳንድ የተማሪ ትጥቅ ላይ ግን የደረቱ ሁለት ሥራ በአንድ እጀታ ተጠቃሎ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ትጥቅ ባዘላችሁ ቁጥር ሦስት መሆናቸውን ወይም ሁለት መሆናቸውን ጠይቁ፤ በእጃችሁም ዳስሱ።

ትከሻችሁ ላይ ሦስት የብረት ቀለበቶች ተደራርበው ታያላችሁ። ቢል ቡዝ የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ የፈጠራቸው ናቸው። ትልቁን መካከለኛው ይይዘዋል፣ መካከለኛውን ትንሹ። ትንሹን የምትይዘው አንዲት የገመድ ማጠፊያ ናት፤ በእሷ ውስጥ ቢጫ ኬብል ያልፋል። ክብደታችሁ ከቀለበት ወደ ቀለበት እየቀነሰ ስለሚሄድ ያቺ ቀጭን ገመድ ትችለዋለች። ቀዩን እጀታ ስትስቡ ኬብሉ ይወጣል፣ ቀለበቶቹ ይገለበጣሉ፣ ዋናው ፓራሹት ይሄዳል። ተማሪ ሁሉ ይህን አንዴ መሬት ላይ በዓይኑ እንዲያይ አደርጋለሁ። ቀለበቱ ሲላቀቅ ያየ ሰው እጀታውን ለመሳብ አያመነታም።

ገና አውሮፕላን ውስጥ ሳላችሁ

እኛ ጋ ያለው ትዊን ኦተር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ ይጠቀምበት የነበረው ዓይነት። ሲነሳ ቀበቶ ይታሰራል፣ ሄልሜት ጭንቅላት ላይ ይሆናል።

ሞተር ቢያስቸግር ትዕዛዙ ከፓይለቱ ወደ ኢንስትራክተራችሁ፣ ከእሱ ወደ እናንተ ነው። ከ1,000 ጫማ በታች ከሆናችሁ ሁሉም ሰው ከአውሮፕላኑ ጋር ያርፋል፤ ቀበቶ አጥብቁ፣ አገጫችሁን ወደ ደረት አድርጉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ኢንስትራክተሩ "ውጡና መጠባበቂያውን ሳቡ" ሊል ይችላል። በቂ ከፍታ ካለ ደግሞ እንደተለመደው በዋናው ትወጣላችሁ። እናንተ የሚጠበቅባችሁ ዓይኑን ማየትና ያለውን ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ግን ሌላ ነገር ነው። በሩ ክፍት ሆኖ እጀታችሁ አንድ ነገር ላይ ተጠልፎ ፓራሹት ቢያመልጥስ? ጨርቁ ውስጥ ከቀረ በሁለት እጃችሁ እቀፉት፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ከበሩ ራቁ። ከአውሮፕላኑ ጋር ታርፋላችሁ። ከበሩ ውጭ ከወጣ ግን ወዲያው ተከትላችሁት ውጡ። ካልወጣችሁ ጎትቶ ይወስዳችኋል፤ በሩን መትታችሁ፣ ምናልባትም ጭራውን ጎድታችሁ ነው የምትወጡት። ስለዚህ እጀታችሁን አውሮፕላን ውስጥ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር በእጃችሁ ሸፍኑ።

መሳብ

ፍሪፎል ላይ፣ ማለትም ፓራሹቱ ሳይከፈት እየወደቃችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሳቡ። ሁለተኛ፣ በትክክለኛው ከፍታ ሳቡ። ሦስተኛ፣ ተረጋግታችሁ ሳቡ። ሦስቱን ማሟላት ካልቻላችሁ ከታች ጀምራችሁ ተዉ። እየተገለበጣችሁም ቢሆን 5,500 ከደረሰ ሳቡ። ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ልስተካከል ይላል። ያ ልማድ ነው ከፍታውን የሚበላው።

የሰውነታችሁ አቋም ከተበላሸ ወገባችሁን ወደ ታች ግፉ፣ አገጫችሁን ቀና አድርጉ፣ እግራችሁን ትንሽ ዘርጉ፣ ትንፋሽ አውጡ። በአምስት ሰከንድ ካልተስተካከለ ሳቡ። ሁለቱም ኢንስትራክተር ከለቀቋችሁና ብቻችሁን ከሆናችሁም ወዲያው ሳቡ፤ ከፍታው ስንትም ይሁን። ኢንስትራክተሩ ጠቋሚ ጣቱን ፊታችሁ ላይ ከቀሰረ ትርጉሙ አሁን ሳብ ማለት ነው። አልቲሜትሩን ለማየት አትሞክሩ።

እጀታውን ፈልጋችሁ ካጣችሁት የቦርሳውን የታችኛውን ጫፍ በእጃችሁ ይዛችሁ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ዳስሱ። አንዴ እንደገና ሞክሩ። ካገኛችሁትና አልንቀሳቀስ ካለም እንዲሁ ነው። ሁለት ሙከራ፣ ከዚያ መጠባበቂያው። ሦስተኛ ሙከራ የለም።

ፓይለት ሹቷ ወጥታ ዋናው ከቦርሳ አልወጣ ቢልስ? ይህ ላይ ትምህርት ቤቶች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ በቀጥታ መጠባበቂያውን ይላሉ። ሌሎቹ መጀመሪያ ካትአዌይ፣ ከዚያ መጠባበቂያ ይላሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። በምትማሩበት ቦታ የሚሰጠውን አንዱን ብቻ ያዙ። እየወደቁ መምረጥ ጊዜ ይፈጃል።

ቀና ብሎ ማየት

ከሳባችሁ በኋላ "አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ፣ አምስት ሺህ" ብላችሁ ቁጠሩ። ጮክ ብላችሁ። ከዚያ ቀና ብላችሁ እዩ። ሦስት ነገር ነው የምታዩት። ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው? ተረጋግቷል ወይስ ይሽከረከራል? ይታዘዛል? ሦስተኛውን ለማወቅ ከራሳችሁ በላይ ያሉትን ሁለት መሪ እጀታዎች ፈታችሁ ቀኝና ግራ ታጠፉ፣ ከዚያ ሁለቱንም እስከ ታች ስባችሁ ፍሬን ያዙ። ይህንን ከ2,500 በላይ ጨርሱት።

አንዳንድ ነገር ያስደነግጣል እንጂ አደጋ አይደለም። ገመዶቹ ከላያችሁ ተጠምዝዘው ልታዩ ትችላላችሁ። ፓራሹቱ ቀጥ ብሎ እየበረረ ከሆነ ጊዜ አላችሁ፤ ጥሩ የተማሪ ፓራሹት በደቂቃ 1,000 ጫማ ገደማ ነው የሚወርደው። ትከሻችሁ ላይ ያሉትን ማንጠልጠያዎች፣ ራይዘሮቹን፣ ወደ ጎን ለያይታችሁ ግፉና በእግራችሁ እየረገጣችሁ በተቃራኒው ዙሩ። ብዙ ጊዜ ይፈታል። ገመዶቹን የሚሰበስበው ስላይደር ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ወይም የዳርቻው ክፍል ካልተነፋ ሁለቱን መሪዎች እስከ ታች ሳቡ፣ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ደግማችሁ ሞክሩ። አልቲሜትሩን ግን በየመሃሉ እዩ።

ሌላ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ዓይነት አለ። ፓራሹቱ ታጥፎ ከገባበት ከረጢት ሳይወጣ ከላያችሁ ከረጢቱ ብቻ ሲንጠለጠል። ሳይነፋ እንደ ጨርቅ ሲርገበገብ። ገመድ በሸራው ላይ አልፎ ለሁለት ሲከፍለው፣ ላይን ኦቨር የምንለው። በኃይል ሲሽከረከር። እነዚህን አትጠግኗቸውም። ባያችኋቸው ቅጽበት ሥራው ካትአዌይ ነው፤ 2,500 እስኪደርስ አትጠብቁ። በተለይ የሚሽከረከር ፓራሹት በያንዳንዱ ዙር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ እጅ ይከብዳል። በቆያችሁ ቁጥር እጀታው ላይ መድረስ እየከበደ ይሄዳል።

ካትአዌይ

አሁን ዋናው ልምምድ ላይ ደረስን። እኛ ጋ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሃርነስ፣ የትጥቅ ማሰሪያ፣ አለ። ተማሪው እዚያ ውስጥ ታስሮ እግሩ ከመሬት ይለቃል። እኔ የተበላሸ ፓራሹት ፎቶ ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ እሱ ያየውን ይናገራል፣ ከዚያ እጁ ይሠራል።

አንዲት ነርስ ተማሪ ነበረችኝ። ጎበዝ ናት፣ ንድፈ ሐሳቡን አንድም አትስትም። ላይን ኦቨር አሳየኋት። "ምን ታደርጊያለሽ?" "ካትአዌይ።" ልክ ነች። እጇ ግን ወደ ግራ ደረቷ ሄደ። አፏ ቀዩን ይላል፣ ጣቷ ብረቱን ይዟል። ዓይኗ አሁንም ፎቶው ላይ ነበር። "እህቴ፣ ዓይንሽ ከእጅሽ ይቅደም" አልኳት። ደገምነው። ፎቶውን አይታ አገጯን ወደ ደረቷ አወረደች፣ ቀዩን አየች፣ ያኔ እጇ ያለ ምንም መወላወል ደረሰ። ስትወርድ "እኛም የልብ ምቱ የቆመ ሰው ሲመጣ እንዲህ ነው የምንለማመደው። ማን ደረት እንደሚጫን፣ ማን ኦክስጅን እንደሚይዝ ቀድሞ የታወቀ ነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ልምምድ ጥቅም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አካሄዱ እኛ ጋ እንዲህ ነው። ወገብ ወደ ታች ይገፋል። ቀዩን እዩ። ቀዩን ያዙ። ብረቱን እዩ። ቀዩን መጀመሪያ ከቬልክሮው ልጡት፣ ከዚያ ክንዳችሁ እስኪዘረጋ ድረስ ሳቡት። ብረቱን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ወገባችሁን እንደገፋችሁ ቆዩና ቀና ብላችሁ መጠባበቂያውን እዩ። ተማሪ የሚስተው "እስከ መጨረሻው" የሚለውን ነው። ግማሽ ጎትቶ ያቆማል፤ አንዱ ትከሻ ተላቅቆ ሌላው ይቀራል። እጀታውን በክንድ ልክ ጎትታችሁ ወርውሩት። የመጥፋቱ ነገር አያሳስባችሁ፤ ሌላ ይገዛል።

ለምን ቀዩ ይቀድማል? የተበላሸው ዋና ፓራሹት ከላያችሁ እያለ መጠባበቂያው ከወጣ ሁለቱ ሊጠላለፉ ይችላሉ። መንገዱን መጀመሪያ ታጸዳላችሁ። አንድ ለየት የሚል ነገር ግን አለ። ከ1,000 ጫማ በታች ከሆናችሁ ዋናውን አትልቀቁ። ለመጠባበቂያው የሚበቃ ከፍታ ላይኖር ይችላል። ያኔ ዋናው እንዳለ መጠባበቂያውን ትከፍታላችሁ፤ ከላያችሁ ብዙ ጨርቅ ቢኖር ይሻላል።

ሁለት ረዳት መሣሪያ አላችሁ። አንደኛው አር ኤስ ኤል ነው፤ ዋናው ሲላቀቅ የመጠባበቂያውን ማሰሪያ ጎትቶ የሚከፍት ማገናኛ። ሁለተኛው ኤ ኤ ዲ ነው። ታዋቂው ሳይፕረስ የሚባለው ከ1991 ጀምሮ ጀርመን የሚሠራ ነው። ፍጥነትና ከፍታ እየለካ ይቆያል። ተማሪ ዝቅ ብሎ፣ ከ750 እስከ 1,000 ጫማ መካከል፣ አሁንም በፍጥነት እየወደቀ ከሆነ ትንሽ ቢላ ተተኩሶ የመጠባበቂያውን መዝጊያ ገመድ ይቆርጣል። ብዙ ሕይወት አድኗል። እኔ ያለ እሱ ተማሪ አላወጣም። ቢሆንም ሁለቱ እንደሌሉ ቁጠሩት። አር ኤስ ኤሉ ቢቀድማችሁ እንኳ ብረቱን ሳቡ።

ሁለቱም ቢወጡ

አርፍዶ የሳበ ሰው ዋናው ሲከፈት ኤ ኤ ዲው ሊተኩስ ይችላል። ያኔ ሁለት ፓራሹት ከላዩ ይሆናል። ፊትና ኋላ ተደርድረው ከበረሩ አትላቀቁ፤ የፊተኛውን በቀስታ ብቻ ምሩ፣ ሲያርፉ ፍሬን አትያዙ፣ ተንከባለሉ። ጎን ለጎን ከሆኑና ካልተጠላለፉ ትምህርት ቤታችሁ የሚለውን አድርጉ፤ አንዳንዱ ዋናውን ልቀቁ ይላል፣ አንዳንዱ ትልቁን በቀስታ ምሩ ይላል። ተለያይተው ሁለቱም አፍንጫቸውን ወደ መሬት ከደፉ ጥያቄ የለም፤ ዋናውን ልቀቁ።

ማረፍ

ጤነኛ ፓራሹት ከላያቸው እያለ መሬት አጠገብ በሠሩት ነገር የሚጎዱ ሰዎች በየዓመቱ አሉ። ዋናው ጥፋት ዝቅ ብሎ መታጠፍ ነው። ፓራሹት ሲታጠፍ ይጠልቃል፤ ለመመለስ ከፍታ ይፈልጋል። ተማሪው ነፋሱን ተቃውሞ ማረፍ እንዳለበት ተምሯል። 100 ጫማ ላይ ሆኖ አቅጣጫው ትክክል አለመሆኑን ያያል፣ ይደነግጣል፣ አንዱን እጀታ እስከ ታች ይጎትታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በነፋስ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ማረፍ ያንደባልላል፣ ልብስ ያቆሽሻል። እየታጠፉ ማረፍ አጥንት ይሰብራል፣ ይገድላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፣ ፓራሹቱ ከላያችሁ ደልደል ብሎ ይሁን። ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። ፍሬን ያዙ። ተንከባለሉ። ነፋስ ከእነዚህ በኋላ ነው። መሬት ላይ ያለ ሰው በራዲዮ ይመራችኋል፤ ባትሪ ግን ያልቃል፣ ድምፅ ይቆራረጣል። ሳትወጡ በፊት የሜዳውን ፎቶ ከላይ አይታችሁ በየትኛው ዛፍ በኩል ገብታችሁ በየት እንደምትታጠፉ ራሳችሁ ዕቅድ ያዙ። በነገራችን ላይ፣ የመሬት ነፋስ በሰዓት ከ14 ማይል ካለፈ በማኅበሩ ደንብ ተማሪ አይወጣም። "ከአርሊንግተን ድረስ መጥቼ" ብላችሁ አትለምኑኝ።

መንከባለሉን በደንብ ያሳዩኝ አሠልጣኝ አልነበሩም። ድሮ አየር ወለድ ያገለገሉ አባት ናቸው። ልጃቸው ተመርቃ ድግስ ላይ ኮታቸውን አውልቀው ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አሳዩን። እግርና እግር፣ ጉልበትና ጉልበት ገጠሙ። "መካከሉ ወረቀት ቢገባ መውደቅ የለበትም" አሉ። ጉልበታቸው ትንሽ ታጠፈ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ተቀመጠ፣ ክንዳቸው ተሰበሰበ። ከዚያ በጎን ወረዱ። የእግር ጣት ሥር፣ ባት፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ከዚያ በጀርባ ተሻግሮ ወደ ሌላው ትከሻ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። እጁን ዘርግቶ የሚወድቅ ሰው አንጓውን ይሰብራል። እሳቸው ግን ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ።

ሜዳውን ካጣችሁት ዛፍ፣ ውኃና የመብራት ሽቦ ይጠብቃችኋል። ከሁሉም የከፋው ሽቦው ነው። ምሰሶ ካያችሁ ባታዩትም ሽቦ አለ በሉ። ማምለጥ ካልቻላችሁ ከሽቦው ጎን ለጎን ትይዩ ሁኑ፣ ፍሬን ያዙ፣ እግር ግጠሙ። ተንጠልጥላችሁ ከቀራችሁ ማንም አይንካችሁ፤ መብራት ኃይል መጥቶ እስኪያቋርጥ ድረስ። ዛፍ ከሆነ ወደ መሃሉ ግቡ። እግር ግጠሙ፣ ፊታችሁን በክንድ ሸፍኑ፣ ከዚያ ጠብቁ። ከዛፍ ልውረድ ብሎ የሚወድቅ አለ። ውኃ ከሆነ ገና ሳትደርሱ የደረቱን ማሰሪያ ፍቱ፣ እንደ ተለመደው ፍሬን ይዛችሁ ግቡ፣ ትንፋሽ ያዙ። የእግሩን ማሰሪያ ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ፍቱና ከጨርቁ ራቁ።

ካረፋችሁ በኋላ ነፋስ ቢጎትታችሁ አንዱን መሪ እጀታ እስከ መጨረሻው ሳቡና ወደ ፓራሹቱ ሩጡ። አልቆም ካለ ዋናውን ልቀቁት። ካትአዌይ ያደረገ ሰው ደግሞ የሚበረውን ዋና ፓራሹቱን ተከትሎ ጫካ ውስጥ አይግባ። የት እንደወደቀ በዓይን ያዙ፣ እናንተ ክፍት ሜዳ ላይ እረፉ። እዚህ አገር ልማድ አለ፤ መጠባበቂያው ያዳነው ሰው ላጠፈለት ሪገር ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። አንዱ የእኛ ልጅ እናቱ የጣለችውን ጠጅ ይዞ መጥቶ ነበር።

ቤት ውስጥ

ልምምዱ በኮርሱ ቀን አያልቅም። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ስጡት። የድሮ ጃኬት ላይ በቀኝ ቀይ ጨርቅ፣ በግራ ሌላ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ አያይዙ። መስታወት ፊት አትቁሙ፤ መስታወት ቀኝና ግራን ያደናግራል። ዓይን፣ እጅ፣ ልጦ መሳብ፣ እስከ መጨረሻው። ያያችሁትን ነገር እየሰየማችሁ፣ በመጀመሪያ አፋችሁ ላይ በሚመጣው ቋንቋ። ዝላይ ቀን ጠዋት አንዴ፣ አውሮፕላን ውስጥ እጀታዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሳችሁ አንዴ።

ጾም ላይ ከሆናችሁና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማትበሉ ከሆነ ቀኑን ቀይሩት፣ ወይም ከሰዓት በኋላ በልታችሁና ውኃ ጠጥታችሁ ኑ። ባዶ ሆድና የተጠማ ሰው 2,500 ጫማ ላይ ይዘገያል። ማታ ሠርግ አምሽቶ የመጣንም አላወጣም።

ከ30 ቀን በላይ ሳይዘል የቆየ ተማሪ ከኢንስትራክተር ጋር ልምምዱን ደግሞ፣ ከእሱ ጋር አብሮ ይዘላል። ክረምቱ እዚህ ስለሚቀዘቅዝ ብዙዎቻችሁ ከኅዳር ጀምራችሁ ትጠፋላችሁ። መጋቢት ላይ ስትመለሱ አልቲሜትሩን ዜሮ ላይ አድርጉና ቀጥታ ወደ ሃርነሱ ኑ።